የካርቱምን ሐሩርና አቧራ የሚችል መዘውር

ከጣና ተነሥቶ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝባት ካርቱም በሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 380 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ምድሯ አቀበትና ቁልቁለት የማይበዛበት በመሆኑ በሰው ጉልበት ለሚነዳ ተሽከርካሪ የተመቸች ናት። እግሩን በሕመም ወይም በአደጋ ያጣ ሰው በሁለት እጁ እየዘወረ የሚሄድበት ባለሦስት እግር ብስክሌት በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በባሕሪ ጎዳናዎች የታወቀ መጓጓዣ ሆኖ የኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደሚታወቀው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት እነዚህን ሦስት ከተሞች የውጊያ አውድማ አደረጋቸው። ኦምዱርማንን ከባሕሪ የሚያገናኘው የሸምባት ድልድይ በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ፈረሰ። የሱዳን ጦር በመጋቢት ወር 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ፣ ተሰዶ የነበረው ነዋሪ ጥቂት በጥቂት ወደየሠፈሩ መመለስ ጀመረ። የተመለሰው ሁሉ ግን በሁለት እግሩ አልተመለሰም። ጥይትና ፍንጣሪ ከወታደሩም ከሲቪሉም ብዙ ሰው አጉድሏል።

አካሉ ለጎደለው ሰው ባለሦስት እግሩ ብስክሌት መዝናኛ አይደለም። ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም ቤትና ወደ ሥራ የሚያደርሰው እግሩ ነው። ሁለት እግር ያለው ሰው ብስክሌቱ ቢበላሽበት ወርዶ ይገፋል፤ ይኼኛው ግን ወርዶ የሚሄድበት ነገር የለውም። ካቴናው በድልድይ መካከል ቢወልቅ ወይም መዘውሩ ቢሰነጠቅ፣ አላፊ አግዳሚ እስኪደርስለት ድረስ በፀሐይ ተቀምጦ መጠበቅ ይሆናል ዕጣው። ስለሆነም ለወትሮው ዓይን የማይሞላው ትንሽ መዘውር የሰው ልጅ ነፃ እንቅስቃሴ የሚንጠለጠልበት ዕቃ ሆኖ እናገኘዋለን።

መለዋወጫ በማይገኝበት ከተማ ይህ መዘውር በየጋራዡና በየበያጁ ቤት በእጅ ይሠራል። የሚሠራውም ባመዛኙ ከፕላስቲክ ነው። ይሁን እንጂ ፕላስቲክ ተብሎ የሚጠራው ሁሉ አንድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ለማስገንዘብ የምንወደው ዋና ቁም ነገርም፣ የፕላስቲክ ብቃት የሚለካው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን መዘውሩ በሚሸከመው ጫናና በሚውልበት አየር መሆኑን ነው።

መዘውሩ ምን ይሠራል?

የእጅ ብስክሌት በሁለት መልክ ይሠራል። አንደኛው የፊት ጎማ የሚነዳበት ነው። በዚህኛው ላይ ካቴናው ከደረት ፊት ካለው መዘወሪያ ቀጥ ብሎ ወደ ጎማው ስለሚወርድ፣ መዘውር የሚያስፈልገው ለማጥበቂያ ብቻ ነው። ሁለተኛው የኋላ ጎማ የሚነዳበት ሲሆን፣ ካቴናው ረዥም መንገድ ስለሚጓዝና በመቀመጫው ሥር ስለሚያልፍ፣ አቅጣጫውን የሚያስለውጡ ሁለትና ከዚያም በላይ መዘውሮች ይፈልጋል።

በሁለቱም ዓይነት ካቴናው ሁለት ወገን አለው። አንዱ ወገን ይጎትታል፤ ሌላው ባዶውን ይመለሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጎማውን አጥብቆ ይዞ መዘወሪያውን ወደ ፊት መግፋት ይበቃል፤ የሚወጠረው ወገን ጎታቹ ነው። በሚመለሰው ወገን ላይ ያለ መዘውር የሚሸከመው የካቴናውን ክብደትና የማጥበቂያውን ሞላ ብቻ ስለሆነ፣ ከማንኛውም ጠንከር ያለ ፕላስቲክ ቢሠራ አይከፋም። በጎታቹ ወገን ያለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥቂት ሒሳብ እናስላ። የመዘወሪያው ክንድ ርዝመት 170 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ካቴናው የሚጠመጠምበት ክብ 32 ጥርስ ቢኖረው፣ የአንዱ ጥርስ ከሌላው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የክቡ ግማሽ ስፋት 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነጂው በ20 ኪሎ ግፊት ቢዘውር በካቴናው ላይ የሚፈጠረው ውጥረት ከ50 ኪሎ ይበልጣል። የድልድይ መወጣጫ ላይ ሲደርስ በሁለት እጁ 40 ኪሎ ቢገፋ ውጥረቱ ከ100 ኪሎ ያልፋል።

ይህ ውጥረት በመዘውሩ ላይ የሚያሳርፈው ጫና በካቴናው መታጠፍ ልክ ይወሰናል። ካቴናው ከቀጥታ መስመሩ 30 ዲግሪ ቢታጠፍ መዘውሩ የውጥረቱን ግማሽ ያህል ይሸከማል። 60 ዲግሪ ቢታጠፍ ከውጥረቱ ጋር እኩል ይሸከማል። 90 ዲግሪ ቢታጠፍ አንድ ጊዜ ተኩል ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ተመልሶ ሙሉ በሙሉ ቢታጠፍ ደግሞ እጥፉን ይሸከማል። እንግዲህ ጥሩ ፕላስቲክ ከመፈለግ አስቀድሞ የካቴናውን መንገድ ማቅናት ይገባል። መዘውሩን በጥቂት ሳንቲ ሜትር በማንቀሳቀስ እጥፋቱን ከ60 ወደ 30 ዲግሪ ማውረድ የጫናውን ግማሽ ያለ ምንም ወጪ ያስቀራል።

ሐሩር፣ ፀሐይና አቧራ

በካርቱም ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት የቀኑ ሙቀት በጥላ ሥር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በፀሐይ የቆመ ጥቁር ዕቃ ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ሙቀት ብዙ ፕላስቲክ ባይቀልጥም ይለዝባል። በላዩ የተጫነ ነገር ካለም ቀስ በቀስ ቅርፁን ይለውጣል። በጣም በጠበቀ ካቴና ሥር ሙሉ ቀን በፀሐይ የዋለ ለስላሳ መዘውር በአንድ ወገኑ ተደፍጥጦ ሊገኝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፀሐይዋ ከሙቀት ሌላ ጨረር አላት። ይህ ጨረር ፖሊኤቲሊንንና ፖሊፕሮፒሊንን እያደረቀ ይሰነጥቃል። መድኃኒቱ ጥላሸት ነው። የውሃ መሥመር የሚዘረጋበት ጥቁር የፖሊኤቲሊን ቧንቧ ለዓመታት ፀሐይን የሚችለው፣ ከክብደቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል የካርቦን ጥላሸት ስለተደባለቀበት ነው። ነጭ ወይም ብጫ ጀሪካን ግን ይህ ጥበቃ ሊጎድለው ይችላል።

ሦስተኛው ጠላት አቧራው ነው። በዐረብኛ ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣ ከተማዪቱን ያጨልማታል። ካቴናው በዘይት ወይም በግራሶ የራሰ ከሆነ አቧራው ይጣበቅበትና እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ መዘውሩንም ካቴናውንም ይበላል። በክረምቱ ወራት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናብ ይመጣና እርጥበቱ በበኩሉ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሳብጣል።

ፕላስቲኮቹ በየተራ

ከሁሉ የቀረበውና በየቤቱ የሚገኘው ጠንካራው ፖሊኤቲሊን ነው። ፖሊኤቲሊን ለኢንዱስትሪ በሚሆን መንገድ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ ሀገር ነበር። ጀሪካን፣ የሥጋ መክተፊያና የውሃ ቧንቧ የሚሠራበትን ጠንካራውን ዓይነት በቀላል ግፊት ማምረት የተቻለው ግን ጀርመናዊው ካርል ዚግለር እ.ኤ.አ. በ1953 ባገኘው ዘዴ ነው። ዚግለርም ከጣሊያናዊው ጁልዮ ናታ ጋር የ1963 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ይህ ፕላስቲክ ውሃ አይጠጣም፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ ድምፅም አያበዛም። ደካማ ጎኑ ለስላሳነቱ ነው። 130 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ በካርቱም ፀሐይ ደግሞ ከብርታቱ ብዙውን ያጣል። ስለዚህ ለሚመለሰው ወገን እጅግ ተስማሚ ሲሆን፣ ለጎታቹ ወገን የሚበቃው እጥፋቱ ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው።

የዚሁ ታላቅ ወንድም እጅግ ረዥም ሰንሰለት ያለው ፖሊኤቲሊን ነው። የሞለኪውሉ ክብደት በሚሊዮን የሚቆጠር ሲሆን፣ አሸዋ ሲፈጋው ከብዙ ፕላስቲኮች ይልቅ ይታገሣል። በዚህ ጠባዩ የማዕድንና የእህል መውረጃዎች ይለበጡበታል፤ በለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎችም ጠርሙስ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ይሠራበታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሌ እ.ኤ.አ. በ1962 ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የመረጠው ይህንኑ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። በሰው ዳሌ ውስጥ ለዓመታት የሚሽከረከር ዕቃ ለካቴና መዘውር ቢመረጥ የሚያስደንቅ አይሆንም። ከፋብሪካ የተጣለ ቁራጭ ከተገኘ አቧራ ለበዛበት ሥራ ከሁሉ ይበልጣል።

ናይሎንን እ.ኤ.አ. በ1935 ያገኘው በአሜሪካ የዱፖንት ኩባንያ ሠራተኛ የነበረው ዋላስ ካሮዘርስ ነው። ናይሎን ጠንካራና ሙቀት የሚችል ነው፤ የተለመዱት ዓይነቶቹ የሚቀልጡት ከ220 ዲግሪ ጀምሮ ነው። ሆኖም ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ከከረመ ተራው ናይሎን ከክብደቱ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ሊመጥ ይችላል። ስለዚህ በበጋ በልኩ የተበሳ ቀዳዳ በክረምት ልኩን ሊለቅ ይችላል። በደረቁ ወራት ደግሞ ናይሎን ይደርቅና ለመሰበር ይቀርባል። አዲስ የናይሎን መዘውር ከመገጠሙ በፊት በፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ማቆየትና ቀዳዳውን ከዚያ በኋላ ማስተካከል የታወቀ ብልሃት ነው።

አሴታል የሚባለው፣ ዱፖንት እ.ኤ.አ. በ1960 ዴልሪን በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው ፕላስቲክ፣ ለጎታቹ ወገን ዋናው ምርጫችን ነው። ጠንካራና ልሙጥ ከመሆኑም በላይ ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣ ልኩን አይለቅም። በቶርኖም በሞረድም ንጹሕ ሆኖ ይቆረጣል። የሚቀልጠው ከ165 እስከ 175 ዲግሪ ባለው ውስጥ ስለሆነ የካርቱም ሙቀት አያሸንፈውም። ጉድለቱ ዋጋውና እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ቢሆንም ለአንድ መዘውር የሚበቃው ከዘንግ የተቆረጠ ሁለት ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ብቻ ነው።

ፖሊፕሮፒሊን ከተራው ፖሊኤቲሊን ጠንከር ይላል፤ 160 ዲግሪ ገደማ ላይም ይቀልጣል። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጦርነት የተጎዱ ሰዎች ሰው ሠራሽ እግር እንዲሠራበት ያደረገው ይህን ፕላስቲክ ነው። ከዚህ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ለሚመለሰው ወገን መዘውር ሊውል ይችላል። ቴፍሎን በልሙጥነቱ ወደር ባይገኝለትም በጫና ሥር የሚተኛ ነውና አይበጅም። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ የሚሠራበትን ፒ.ቪ.ሲ. ግን ከነጭራሹ መተው ይሻላል። በምት ይሰነጠቃል፤ 80 ዲግሪ ሳይሞላ ይለዝባል፤ ሲቃጠልም የሚወጣው ጢስ ሳንባን የሚያቆስል አሲድ አለበት።

ያልታወቀውን ፕላስቲክ ለማወቅ

ከቁራሌው የተገኘ ቁራጭ ስሙ አይጻፍበትም። አንዳንዱ ዕቃ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የተለመደው የሦስት ማዕዘን ምልክት ይኖረዋል። በውስጡ 2 ቁጥር ካለ ጠንካራው ፖሊኤቲሊን፣ 5 ካለ ፖሊፕሮፒሊን፣ 3 ካለ ፒ.ቪ.ሲ. መሆኑ ነው።

ምልክት ከሌለው ትንሽ ቁራጭ በውሃ ባልዲ ውስጥ መጣል ነው። ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ይንሳፈፋሉ፤ ናይሎን፣ አሴታልና ፒ.ቪ.ሲ. ይሰምጣሉ። ከሰመጡት መካከል ፒ.ቪ.ሲ.ን ለመለየት የመዳብ ሽቦ በእሳት አግሎ ፕላስቲኩን መንካትና ሽቦውን ወደ እሳቱ መመለስ ይበቃል፤ ነበልባሉ አረንጓዴ ከሆነ ቁራጩን መጣል ነው። የተቀሩትን ለመለየት የክብሪት እንጨት የምታህል ቅንጣቢ በጉጠት ይዞ ደጅ ላይ ማቃጠል ይቻላል። ናይሎን የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። አሴታል በማይታይ ሰማያዊ ነበልባል ይነድና እንደ ፎርማሊን ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ያወጣል። ፖሊኤቲሊን የጠፋ ሻማ ይሸታል። ጢሱ መርዝ ስለሆነ አፍንጫን ማስጠጋት፣ በተዘጋ ክፍልም መሞከር ከቶ አይገባም።

አሠራሩ

የጎታቹ ወገን መዘውር ስፋት ከ7 ሳንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ትንሽ መዘውር በብዛት ይሽከረከራል፤ ካቴናውንም በኃይል ያጥፈዋል፤ ጫናውንም በጥቂት ቀለበቶች ላይ ይከምረዋል። ከአሮጌ ባለማርሽ ብስክሌት የሚወልቀው ትንሽ ባለጥርስ መዘውር ለሚመለሰው ወገን መልካም ሲሆን ለጎታቹ ግን አይሆንም።

የቦዩ ስፋት ካቴናውን ሳይጨብጥ የሚያሳልፍ፣ ለተራ ካቴና 11 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱም ካቴናው እንዳይወጣ ከአንድ ሳንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን። የካቴናው ጎንና ጎን ስስ ብረቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት በፕላስቲኩ ላይ ሁለት መሥመር ይቀርጻሉ። ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ መሥመሩ በየሳምንቱ እየጠለቀ ከሄደ ግን ፕላስቲኩ ለዚያ ቦታ እንደማይመጥን ምስክር ነው።

ለመሐሉ በሁለቱም ወገን የላስቲክ ክዳን ያለው 608 የተባለው ኩሽኔታ ይበጃል። ውስጡ 8፣ ውጭው 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ፕላስቲክ በሙቀት ከብረት በብዙ እጥፍ ስለሚሰፋ፣ ማለዳ ጠብቆ የገባ ኩሽኔታ ቀትር ላይ ሊላላ ይችላል። ስለሆነም በሁለቱ ጎኖች ሰፋፊ ሮንዴላ አድርጎ በቡሎን ማሰር ያስፈልጋል። ቶርኖ በሌለበት ክቡን በሴጌቶ ቆርጦ፣ በቡሎን ላይ አሥሮ፣ ቡሎኑን በትራፓኖ እያሽከረከሩ በሞረድ ማውጣት ይቻላል።

ከጀሪካን የተቆረጡ ስስ ገጾችን ደራርቦ መዘውር ለመሥራት የሚያስብ ሰው፣ ፖሊኤቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን በተራ ማጣበቂያ እንደማይያያዙ ይወቅ። በሙቀት ካልተዋሐዱ ወይም በብረት ገጾች መካከል በቡሎን ካልታሠሩ ጫና ሲያርፍባቸው ይለያያሉ።

ከተገጠመ በኋላም ጥንቃቄው አይቆምም። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ማበስ፣ ዘይቱን በጠብታ ብቻ ማድረግና ትርፉን መጥረግ፣ መዘውሩን ግን ያለ ቅባት መተው ይገባል። ብስክሌቱ ሲቆም ማጥበቂያውን ማላላትና ጥላ መፈለግ የመዘውሩን ዕድሜ ያረዝማል። ጫናው እጅግ ከበዛ ደግሞ ፕላስቲክ የግድ አይደለም፤ ከአሮጌ ብስክሌት የተረፈ የብረት ባለጥርስ ክብ በኩሽኔታ ላይ ቢገጠም፣ ድምፅ ቢያበዛም፣ ሰውዬውን አያስቀረውም።

የጎረቤት ሕዝብ ችግር ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከካርቱም የሸሹ ብዙ ሰዎች በመተማ በኩል ወደ ሀገራችን ገብተዋል፤ ከነርሱም መካከል በዚያች ከተማ ለዓመታት የኖሩ ወገኖቻችን ነበሩ። የመተማና የሁመራ ቆላም ከካርቱም ጋር የሚቀራረብ ሐሩርና አቧራ አለው። በዘመናት ውጊያ አካላቸው የጎደለ ወገኖችም በየከተማችን ይኖራሉ። በመሆኑም በጋራዥ፣ በቶርኖ ቤትና በሙያ ትምህርት ቤት ያላችሁ ሁሉ፣ የሚጣለውን የአሴታልና የወፍራም ፖሊኤቲሊን ቁራጭ ከቆሻሻው ለይታችሁ በየዓይነቱ ብታስቀምጡ፣ ለአንድ ሰው እግር የሚሆን ዕቃ በእጃችሁ ላይ መኖሩን ትገነዘባላችሁ። ሥራውን ስትጀምሩም ስለ ፕላስቲኩ ከመጠየቃችሁ በፊት ካቴናው በየት በኩል እንደሚጎትትና ምን ያህል እንደሚታጠፍ ጠይቁ፤ ትክክለኛው ፕላስቲክ ከዚያ በኋላ ራሱ ይታወቃል።